የሚጮኽ የፍጥነት መለኪያ ገመድ፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ

አንድ አሮጌ መኪና ሲሄድ ከሾፌሩ ፊት፣ ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ፣ እንደ ጫጩት የሚጮኽ ድምፅ ቢያሰማ ባለመኪናው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይ ጩኸቱን ለምዶ ይተወዋል፤ ወይ ደግሞ ገመዱን ከመለኪያው ፈትቶ ያንጠለጥለውና ዕረፍት ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱም መድኃኒት አይደሉም። እኛ በዚህ ትምህርት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ በቀላል መሣሪያ እንዴት እንደሚጠገን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገመዱን ፈትቶ መተው ለምን እንደማይገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ የምንወስዳት መኪና አሮጌዋ ቮልስዋገን ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእርስዋ ስለ ሆነ ታሪካችንም ያውቃታል። የዚህች መኪና ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ አብቅቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። እንግዲህ ያለውን አሮጌ መኪና በጥንቃቄ መያዝ ማንም ሊንቀው የማይገባ እውቀት ነው። ቮልስዋገን የሌለው አንባቢም ቢሆን ትምህርቱ አይቀርበትም፤ በሞርሲቶና በሆሳዕና መንገድ ከሚመላለሱት ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ገመድ ይሠራሉና።

1ኛ፤ ገመዱ ምንድን ነው?

በሐዲያና በከምባታ አገር ያደገ ሰው የእንሰት ቃጫ ሲገመድ አይቷል። የፍጥነት መለኪያው ገመድም ከቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የተገመደ ነው። ሽቦዎቹ ግን በድርብርብ ይጠመዘዛሉ፤ አንዱ ድርብ ወደ ቀኝ ሲዞር ከበላዩ ያለው ወደ ግራ ይዞራል። የቃጫ ገመድ ለመጎተት ሲሠራ ይህኛው ግን የሚሠራው ለመሽከርከር ነው። የሚሽከረከረውም ከማይንቀሳቀስ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ነው።

በአብዛኛው መኪና ገመዱን የሚያዞረው ካምቢዮው ነው። በቮልስዋገን ግን የሚያዞረው የፊት የግራ ጎማ ነው። የገመዱ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ክፍት በሆነው የጎማው ዘንግ መካከል ያልፍና ከኩሽኔታው የአቧራ ክዳን ላይ ይገባል፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ገመዱም አንድ ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ገመዱ በ1 ኪሎሜትር 500 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 10,000 ኪሎሜትር የሄደች መኪና ገመድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ዞሯል። ይህን ያህል የዞረ ብረት ቅባት ቢጠማው አያስደንቅም።

ገመዱ ከላይ ሲደርስ አንድ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ ከአሉሚኒየም የተሠራውን ትንሽ ጽዋ ሳይነካው በኤሌክትሪክ ኃይል ከራሱ ጋር ሊያዞረው ይሞክራል፤ አንዲት ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ ትይዘዋለች። የሁለቱ ትግል ሚዛን በመርፌው ላይ ይታያል። ይህን ዘዴ ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ በ1902 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦታል።

2ኛ፤ ለምን ይጮኻል?

ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

ሀ) ቅባቱ ደርቆ ብረት ብረትን ሲፍቅ፤
ለ) በጎማው በኩል አቧራና ጭቃ ሲገባ፤ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር በሚያስገባው መንገድ ይህ የተለመደ ነው፤
ሐ) ሽፋኑ አለቅጥ ሲታጠፍ፣ ወይም ከውስጥ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ ስትቆም፤
መ) ጥፋቱ ከገመዱ ሳይሆን ከመለኪያው አንገት ሲሆን።

የደጋው ብርድ ወፍራም ግራሶን ስለሚያጠነክር፣ ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚል ገመድ ቅባቱ ያረጀ መሆኑን ይጠቁማል። መርፌው ሳይረጋ ወዲያና ወዲህ ቢል ደግሞ ገመዱ እየተያዘና እየተለቀቀ የሚዞር ነው።

3ኛ፤ አወጣጡ

መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ትቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ይደረግ። ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው ባትሪ አንዱ ሽቦ ይፈታ፤ በመለኪያው ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አሉና። ከዚያ የፊት የዕቃ ማስቀመጫው ተከፍቶ የመለኪያው ጀርባ ሲገኝ ገመዱን የያዘው ክብ ዳዶ በእጅ ይፈታል። በፒንሳ በኃይል መያዝ ጥርሱን ይበላዋል።

ቀጥሎ በግራ ጎማ መካከል፣ በአቧራ ክዳኑ ላይ፣ የገመዱን ጫፍ የያዘችው ትንሽ መቆለፊያ ትወጣለች። ይህች መቆለፊያ ከጠፋች ገመዱ መዞር ያቆማልና በንጹሕ ጨርቅ ላይ ትቀመጥ። ከዚህ በኋላ ገመዱ ከጎማው ጀርባ ይሳባል።

4ኛ፤ ማጠብና መመርመር

ውስጠኛው ገመድ ከሽፋኑ የሚወጣ ከሆነ ወጥቶ በላምባ ይታጠባል፤ በጨርቅም ይደርቃል። ይህ ሥራ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ደጅ ይሠራ። ሲጠረግ ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ የተበጠሰ ሽቦ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ገመዱ በለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ይንከባለል፤ ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ደኅና ነው፤ እየዘለለ ከሄደ ግን ተጣሟል። የተበጠሰ ወይም የተጣመመ ገመድ በቅባት አይድንም፤ መለወጥ አለበት።

5ኛ፤ መቀባት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከበዛ ይጠቅማል» ብሎ ሽፋኑን በግራሶ የሚሞላ አለ። የሚሽከረከር ገመድ ግን ቅባቱን እንደ ብሎን ጥርስ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቅባቱ መለኪያው ውስጥ ከገባ ማግኔቱንና ጽዋውን ያጣብቃል፤ መርፌውም ውሸት ይናገራል። በርካሽ ገመድ ፈንታ ውዱ መለኪያ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ቀጭን ግራሶ በጣት ስስ ሆኖ ይቀባ፤ ይኸውም ከታች ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ነው። ወደ መለኪያው የሚቀርበው የመጨረሻው 20 ሳንቲሜትር ያህል ሳይቀባ ይቅር፤ ቅባቱ በራሱ ጊዜ ይደርስለታል። ቅቤም ሆነ የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ውስጡ የማይወጣ ገመድ ሲሆን ሽፋኑ ቁልቁል ተሰቅሎ በላይኛው ጫፍ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ ይደረግለታል፤ ትርፉ በታች እስኪወጣ ሌሊቱን ይደር፤ ላይኛው ጫፍም በጨርቅ ይጠረግ። የመለኪያው አንገት ደርቆ ከሆነ አንዲት ጠብታ ብቻ ትበቃዋለች።

6ኛ፤ መመለስና መፈተን

ገመዱ ሲመለስ የትም ቦታ በኃይል አይታጠፍ። በሚዞርበት ቦታ የክቡ ግማሽ ስፋት ከ15 ሳንቲሜትር ባያንስ መልካም ነው፤ ከመለኪያው ጀርባም ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሂድ። አራት ማዕዘኑ ጫፍ በቀዳዳው መግባቱ ሳይረጋገጥ ዳዶው አይጥበቅ።

ከዚያ በኋላ መለኪያው እውነት መናገሩ ይፈተናል። መርፌው 60 ላይ ረግቶ ሲቆም 1 ኪሎሜትር በ60 ሴኮንድ ማለቅ አለበት፤ በ40 ከሆነ በ90 ሴኮንድ። ሰዓቱን የሚይዘው አጠገብ የተቀመጠው ሰው እንጂ ሾፌሩ አይሁን። ጩኸቱ አሁንም ካልተወ ገመዱ ከላይ ተፈትቶ ጥቂት ይነዳ፤ ያን ጊዜ ዝም ካለ ጥፋቱ ከመለኪያው ወይም ከመጋጠሚያው ሊሆን ስለሚችል ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

ገመዱን ፈትቶ መተው ለምን አይገባም?

የተፈታ ገመድ ሁለት ነገር ይገድላል። አንደኛው የፍጥነቱ መርፌ ነው። ሾፌር «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» ቢልም በረጅም ቁልቁለት ሞተሩ ቀለል ሲለው ጆሮ ይታለላል። ሁለተኛው የኪሎሜትር ቈጣሪው ነው። ቈጣሪው ከቆመ ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ በግምት ይሆናል። መኪናው ሲሸጥም ገዢው አነስተኛ ቍጥር አይቶ ያልደከመ መኪና የገዛ ይመስለዋል፤ ሻጩም አንዲት ቃል ሳይናገር ዋሽቷል። በመንገድ የሚሻገረው ልጅና መኪናውን የሚገዛው ሰው ገመዱ ሲፈታ አልተጠየቁም፤ ጉዳቱ ግን ይደርሳቸዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ገመዱ የጮኸው በሽታውን ለመናገር ነውና አፉን ከመዝጋት ይልቅ ማከም ይሻላል። ሥራውም ከግማሽ ቀን አያልፍም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ስንሄድ ገመዱ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?
2. ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያንሳል። እንግዲህ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አብዝቶ ይናገራል ወይስ አሳንሶ? ምክንያቱ ይገለጽ።
3. የገመዱ የላይኛው ጫፍ ሳይቀባ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው?