ሳብዎፈር ከመግዛት በፊት ክፍሉን መለካት፦ ለቤት ውስጥ ሲኒማ የስፒከር አመራረጥ ቅደም ተከተል

መግቢያ

የቤት ውስጥ ሲኒማውን ለማሻሻል የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ይጀምራል፤ የትኛው ስፒከር፣ ስንት ዋት፣ ስንት ኢንች ብሎ ይጠይቃል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄው ከክፍሉ መጀመር እንዳለበት ለማሳየት ይሞክራል። ለጽሑፉ መነሻ የሆነው በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የአቅራቢው ቤተሰብ ሳሎን ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ አለው። በዕድሜ የገፉት የአቅራቢው እናት የፊልሙ ንግግር በደንብ ስለማይሰማቸው ድምፁ እንዲጨመር ይጠይቃሉ፤ ንግግሩ ሲሰማቸው ደግሞ የፍንዳታው ድምፅ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቅሬታ ያስነሣል። ለማሻሻያ የተያዘው ገንዘብ የሚበቃው አንድ ትልቅ ሳብዎፈር ለመግዛት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ምርጫው ቢሳሳት ለማረም ሁለተኛ ዕድል አልነበረም።

ክፍሉ በወፍራም ድምፅ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ፍጥነት በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ላለው ርቀት እጥፍ ሲካፈል፣ በዚያ አቅጣጫ የመጀመሪያው ቋሚ ሞገድ የሚፈጠርበት ድግግሞሽ ይገኛል። በተጠቀሰው ሳሎን በርዝመቱ 34 ሄርዝ፣ በስፋቱ 43 ሄርዝ፣ በከፍታው 66 ሄርዝ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ሳብዎፈር በሚሠራበት ክልል ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። የእያንዳንዱ ሞገድ ግፊት በግድግዳው አጠገብ ከፍተኛ ሲሆን፣ በሁለቱ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በመሆኑም ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ድምፁ ያለ ልክ ይጎላል፤ በክፍሉ እኩሌታ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የ34 ሄርዝ ድምፅ ይጠፋል።

ትልቅ ሳብዎፈር መግዛት ይህን አይለውጥም፤ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም አብሮ ከፍ ያደርጋል እንጂ። ኢኳላይዘር ጉብታውን ሊቀንስ ይችላል። ሞገዶች ተሰራርዘው የፈጠሩትን ጎድጓዳ ለመሙላት ግን አምፕሊፋየሩን ያለ ውጤት ከማድከም በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የከተማዋ ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። የድምፅ ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በሙቀት ስለሆነ ከላይ የቀረበው ስሌት በአዲስ አበባም ይሠራል። ሆኖም የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፣ ስፒከሩ እኩል ቢንቀሳቀስ እንኳ የሚፈጥረው ግፊት በ2.5 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ስለዚህ አምራቾች የሚሰጡትን ከፍተኛ የድምፅ መጠን ትንሽ ቀንሶ ማሰብ ይበጃል።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት መካከለኛ?

ቶድ ዌልቲና አለን ዴቫንቲየር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ በላይ የሆኑ ሳብዎፈሮች በተገቢው ቦታ ሲቀመጡና ሲስተካከሉ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ የሚታየው የድምፅ ልዩነት እንደሚጠብ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ሳብዎፈሮች በፊትና በኋላ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ ቢቀመጡ፣ በርዝመቱ የሚፈጠረውን የ34 ሄርዝ ሞገድ ከተቃራኒ ጫፎች ስለሚገፉት ይሰራረዛል። ሁለቱም በስፋቱ መሐል ስለሆኑ የ43 ሄርዙን ሞገድ እምብዛም አይቀሰቅሱትም። አንዱ ሳብዎፈር ከኋላ መሆኑም አድማጩን አያውክም። በተለመደው የ80 ሄርዝ ክሮስኦቨር ላይ የሞገዱ ርዝመት 4.3 ሜትር ያህል ስለሆነ ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ በቀላሉ አይለይም።

ለጎረቤትም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ቀጭን ድምፅን እንጂ ወፍራም ድምፅን እምብዛም አይውጡም። ጎልቶ ወደ ታች የሚያልፈው በሬዞናንስ የገነነው ድግግሞሽ በመሆኑ፣ ጉብታውን ማስተካከል የፊልሙን ድምፅ በጠቅላላ ከመቀነስ ይሻላል።

ንግግርና ማዕከላዊው ስፒከር

በ5.1 አደረጃጀት አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከማዕከላዊው ስፒከር ነው። ንግግር ያልተሰማው ቤተሰብ ገንዘቡን በሳብዎፈር ላይ ቢያውል ችግሩን አይነካውም። በምርጫው ሦስት ነጥቦች ይታያሉ። አንደኛ፣ ማዕከላዊው ስፒከር ከግራውና ከቀኙ ጋር አንድ ዓይነት የድምፅ ባሕርይ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ሁለት ዎፈሮች ከአንድ ትዊተር ግራና ቀኝ በአግድም የተደረደሩበት ስፒከር ከጎን ለተቀመጠ ሰው የንግግሩን ድምፅ ሊያጎድል ስለሚችል፣ ቦታው ከፈቀደ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስፒከር ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ከአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 87 ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ የሚፈልገው ኃይል ግማሹን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የዋት ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት በተጠቀሰው ሳሎን የሥራው ቅደም ተከተል ተለውጧል። በመጀመሪያ ምንም ሳይገዛ ሶፋው ከኋላ ግድግዳ 1.7 ሜትር ያህል ወደ ፊት መጣ፤ በማዕዘን የነበረው አሮጌ ሳብዎፈርም ወደ ፊተኛው ግድግዳ እኩሌታ ተዛወረ፤ የማዕከላዊው ስፒከር መጠን ብቻውን በ3 ዴሲቤል ከፍ ተደረገ። የተያዘው ገንዘብ ለማዕከላዊ ስፒከር ይውላል፤ ከነባሩ ጋር የሚመሳሰል ሁለተኛ ሳብዎፈር በቀጣይ ይገዛል። ስሌቱ ክፍሉን ዝግና ግድግዳውን የማይንቀሳቀስ አድርጎ ስለሚወስድ፣ ክፍት በርና ኮሪደር ያለው ቤት በመለኪያ ማይክሮፎን መፈተሽ ይኖርበታል። ያም ሆኖ ሜትርና ካልኩሌተር ያለው ሰው ሁሉ ወደ መደብር ከመሄዱ በፊት የክፍሉን ሦስት ቁጥሮች ሊያውቅ ይችላል። በአቅራቢው ቤት እናት ንግግሩን መስማት የጀመሩት አዲስ ዕቃ ከመምጣቱ በፊት ነው።