የበረሃው ወይራ በጠዳ ኮረብቶች፦ በእግር ጉዞ የሚሰጥ ትምህርተ ክርስቶስ



ትምህርተ ክርስቶስ ሁልጊዜ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ የሚሰጥ መስሎ ይታየናል። ጌታችን ግን ደቀ መዛሙርቱን ብዙ ጊዜ ያስተማራቸው በመንገድ ላይ ነው። ያ የሜዲትራኒያን አካባቢ የኮረብታ አገር፣ ከነድንጋያማ መንገዱና ከነእረኛው፣ ለእኛ ለደገኞች እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ዕትም፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ከአዘዞ ቀጥላ በምትገኘው በጠዳ ዙሪያ፣ ከወጣቶች ጋር በግማሽ ቀን ጉዞ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ልናመለክት ወደድን።

ጉዞው ከባድ መሆን የለበትም። ማለዳ ተነሥቶ በእረኞችና በገበያተኞች መንገድ ኮረብታውን መውጣት፣ በሌላው ጎን ወርዶ ወደ ተነሡበት መመለስ ይበቃል። ፍጥነቱ የሚለካው በኋለኛው ሰው እንጂ በፊተኛው አይደለም። ከመስቀል እስከ ኅዳር ያለው ወራት ይሻላል፤ ሆኖም አዝመራው ገና በማሳ ላይ ስለሆነ ሰብል ረግጦ ማቋረጥ ነውር ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ ደግሞ መንገድ ሁሉ እንደ ቀድሞው አይታመንም። የአካባቢው ሽማግሌዎች «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቅር፤ ትምህርቱን በቁምስናው ግቢ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር መስጠት ይቻላል።

አስተማሪው ቆም ሊል የሚገባው ወይራ ዘንድ ነው። የእኛ ወይራ በቅድስት አገር ከሚበቅለው ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ የዚያኛው ፍሬ ዘይት ይጨመቅለታል፣ የእኛው ግን ደቃቃ ስለሆነ ከወፍ በቀር የሚለቅመው ብዙ የለም። እኛ የምናውቀው ጠንካራ እንጨቱንና ዕቃ የሚታጠንበትን ጢሱን ነው። እንግዲህ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 11፣ የበረሃ ወይራ ሲል ወጣቶቹ በእጃቸው ሊዳስሱት ይችላሉ። አትክልተኛ የሚያዳቅለው መልካሙን ቅርንጫፍ በዱሩ ግንድ ላይ ነው፤ ሐዋርያው ግን የዱሩን በመልካሙ ላይ ያደርገዋል፣ ይህም ከተፈጥሮ ውጭ መሆኑን ራሱ ይናገራል። የዱሩ ቅርንጫፍ ከአሕዛብ የተጠራን እኛ ነን። ቅርንጫፉ ሥሩን አይሸከምምና የሚመካበት የለውም።

ይህ ትምህርት በጎንደር ምድር ክብደት አለው። እኛ ካቶሊካውያን በዚህ ጥቂቶች ነን፤ ወጣቶቻችን ስለ እምነታቸው ሲጠየቁ አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይታበያል። ታሪኩን አንደብቃቸው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ በማስገደዳቸው ብዙ ደም ፈስሷል፤ በ1632 እ.ኤ.አ. አዋጁን ራሳቸው ሻሩ። በ1716 እ.ኤ.አ. ሦስት ፍራንቸስካውያን ካህናት በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። በ1854 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስና ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በዚያችው ከተማ ታሰሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም በማግስቱ ዓመት በእስር ሳሉ ዐረፉ።

ቅዱስ ዩስጢኖስ የተወለዱት በደቡብ ኢጣልያ በሳን ፌሌ፣ በኮረብታ ላይ በተሠራች መንደር ነው። የአገራችንን ቋንቋ ተማሩ፣ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጡ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የመልካሙ ወይራ አገር ሰው በእኛው የዱር ወይራ ላይ የተዳቀሉ ይመስለናል።

አንድ ነገር እንጨምር። በደጋው ያረጁ ወይራዎች በብዛት የሚገኙት በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ለትምህርታችን የምንጠቅሰውን ዛፍ ጠብቀው ያቆዩልን እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ወጣቶቹ ተሳልመው ይለፉ፣ ቅጠልም አይቀንጥሱ፤ ካህኑን ካገኙ እጅ ነሥተው ስለ ዛፉ ዕድሜ ይጠይቋቸው።

በመመለሻው ቁልቁለት የኤማሁስን መንገድ ተርኩላቸው (ሉቃ. 24)። ርቀቱ ሥልሳ ምዕራፍ፣ በእኛ መለኪያ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት አዝነው ወጡ፣ እንጀራው በተቆረሰ ጊዜ ጌታን ዐወቁት፣ በዚያችው ሌሊትም ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ጠዳ ደርሳችሁ ምሳ ሲቆረስ ወጣቶቹን ጠይቋቸው፦ ሲመለሱ መንገዱ ያው ነበርን? መልሱን ግን አትቅደሟቸው።