ስለ ማክቤዝና ስለ ሰማው ትንቢት

ዊልያም ሼክስፒር የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1606 ዓመት ገደማ «ማክቤዝ» የሚባለውን የኀዘን ቴያትር ጻፈ። ታትሞ የወጣውም ደራሲው ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ በ1623 ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ መልሶታል። በታሪክ የሚታወቀው ማክቤዝ ከ1040 እስከ 1057 በስኮትላንድ ነገሠ። ከእርሱ በፊት የነበረው ንጉሥ ዳንካን የሞተው በጦርነት ነው፤ በቴያትሩ ግን በእንግድነት ባደረበት በማክቤዝ ቤት ተኝቶ ሳለ ተገደለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክቤዝ ከባልንጀራው ከባንኮ ጋራ ድል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች በመንገድ ተገናኙት፤ የካውዶር ሹም እንደሚሆን፥ በኋላም እንደሚነግሥ ነገሩት። ባንኮንም እርሱ ባይነግሥ ልጆቹ እንደሚነግሡ ነገሩት። ወዲያው የንጉሡ መልእክተኞች ደርሰው የካውዶርን ሹመት ለማክቤዝ አበሠሩት።

እንግዲህ አስተውል። ይህ ሹመት የመጣለት እጁን ሳያነሣ ነው። ጠንቋዮቹም ትነግሣለህ አሉት እንጂ ግደል አላሉትም። ባንኮ ስለ ዘሩ መንግሥት ሰምቶ ሳለ፥ የጨለማ ኃይሎች ሰውን ለማጥፋት በጥቂቱ እውነት ይነግሩታል ብሎ ባልንጀራውን አስጠነቀቀ፤ እጁንም ከደም ጠበቀ። ነፋስ አመድን ይበትናል፤ የተዳፈነ ፍም ቢያገኝ ግን ያነድዳል። በማክቤዝ ልብ የመንገሥ ምኞት አስቀድሞ ተዳፍኖ ነበር።

ሆኖም አንድ ጊዜ ከአሳቡ ተመልሶ ነበር። ንጉሡ ዘመዱ፥ ጌታውና እንግዳው ስለ ሆነ፥ በሩን በገዳይ ላይ ሊዘጋ እንጂ ራሱ ሰይፍ ሊመዝ እንዳይገባው ዐወቀ። ሚስቱ ግን ለዚህ ምክንያት መልስ አልሰጠችም፤ ፈሪ ብላ ሰደበችው፥ ወንድነቱንም ናቀችበት። የሽንገላ ጥበብ ይህ ነው፤ ሰውን በሚያስተውለው ነገር ሳይሆን በሚያፍርበት ነገር ይይዘዋል። እርሱም ከኃጢአቱ ይልቅ ስድቡን ፈርቶ በዚያች ሌሊት ንጉሡን ገደለ።

ከነገሠ በኋላ ለራሱ የተነገረውን ትንቢት እያመነ፥ ለባንኮ ዘር የተነገረውን በሰይፍ ሊሽር ተነሣ። ባንኮን አስገደለ፤ ልጁ ግን አመለጠ። ዳግመኛም ወደ ጠንቋዮቹ ሄደ። እነርሱም ማክደፍ ከሚባለው መኰንን እንዲጠነቀቅ ነገሩት፤ ጨምረውም ከሴት የተወለደ እንደማይጐዳው፥ የበርናም ዱር ወደ ደንሲኔን ኮረብታ ካልመጣ እንደማይሸነፍ ነገሩት። እርሱም የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ፤ ደስ የሚያሰኘውንም ቃል ይዞ ያለ ሥጋት ተቀመጠ። ነገር ግን ጠላቶቹ የዱሩን ቅርንጫፍ ቈርጠው፥ በእርሱም ተሸፍነው መጡ። ማክደፍም ጊዜው ሳይደርስ ከእናቱ ማኅፀን ተቀድዶ የወጣ ነበረና ገደለው። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ እየተመላለሰች፥ የማይለቅ ደም ከእጇ ስታጥብ ቈይታ አስቀድማ ሞታ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ስለ ወደፊት የሚነግርህ ወይም በስድብና በምስጋና የሚገፋፋህ ሰው ሲመጣ፥ ነገሩ እውነት ነውን ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ በልቤ የትኛውን ምኞት ይቀሰቅሳል ብለህም መርምር። ጠንቋዮቹ ቃልን ሰጡ፤ ሚስቱም ጩቤውን አዘጋጀች፤ የመታው እጅ ግን የማክቤዝ እጅ ነበር።