ከቀበሮው በፊት ውሻው

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ፈንጠር ያለች ቡና ቤት። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሰሜን ተራሮች ላይ እንስሳ ሲቆጥሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጅቱ በባዮሎጂ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፌ ቴምፖዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ያላነበብኩት ማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። ሁሉም «ሁለት ዓመት ልምድ» ይላል። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው?

ጋሼ፦ የፈለግሽው ሥራ ምንድን ነው?

ልጅቱ፦ ፓርክ ነዋ። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ።

ጋሼ፦ አዬ! ሁላችሁም እዚያው በር ላይ ነው የምትሰለፉት። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ የፓርኩ የባለሙያ መደብ ደግሞ በጣት የሚቆጠር። ሥራ የሚበዛው እንስሳና ሰው በሚነካኩበት ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮን ውሰጂ። አዋቂዎቹ አምስት መቶ አይሞሉም ይባላል። ምግቡ አይጥ ነው። የሚፈጀው ምንድን ነው?

ልጅቱ፦ የእብድ ውሻ በሽታ።

ጋሼ፦ ከማን ይይዘዋል? ከእረኛው ውሻ። ስለዚህ በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ትልቁ ሥራው ውሻ ማስከተብ ሆነ። ውሻ የሚይዝ፣ ገበሬውን የሚያግባባ፣ የተከተበውን የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል። የቀበሮውን የላቲን ስም ታውቂያለሽ፤ ውሻ ይዘሽ ታውቂያለሽ?

ልጅቱ፦ (እየሳቀች) እፈራለሁ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ቀበሌሽ ውስጥ ክትባት ሲሰጥ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር ውጪ። ከቀበሮው በፊት ውሻው ነው።

ልጅቱ፦ እሺ፣ ደጋው ባይሆንስ? ቆላውስ?

ጋሼ፦ ይኼን መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ከደጋው ለአጨዳና ለአረም መተማና ሁመራ የሚወርደውን ወጣት ካላዛር የሚባል በሽታ ይይዘዋል። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በቆላው ዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ማታ የብርሃን ወጥመድ ሰቅሎ ጠዋት ዝንቧን በማይክሮስኮፕ የሚለይ ሰው ዞሎጂስት ካልሆነ ማነው? ወባ ላይም የትንኝ ባለሙያ ይፈለጋል። ዝንብ ማንም አይቋምጥላትም፤ ለዚህ ነው ሰልፉ አጭር የሆነው። ዓሣም አለ። ከጣና ላቤዮባርበስ ዓሦች ብዙዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች ናቸው፤ ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ጎርጎራ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ናት።

ልጅቱ፦ እኔ ግን ልቤ ጭላዳው ጋ ነው፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ልብሽን አልከለክልም። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃበር አካባቢ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የጭላዳ ጥናት አለ። እዚያ የሠሩ ኢትዮጵያውያን የመስክ ረዳቶች እያንዳንዱን ጭላዳ በመልኩ ይለዩት ነበር። ዓይን ነው ሥራው። ዓይን ደግሞ ከእረኛ ይገኛል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ መጥቶ እነዚህን እንስሳት ለሳይንስ ሲመዘግብ፣ ለጭላዳው «ጌላዳ»፣ ለዋልያው «ዋሊ» ያለው ከአገሬው ሰው አፍ ሰምቶ ነው። አንቺም ደባርቅ ስትወጪ መጀመሪያ ስካውቱንና እረኛውን ጠይቂ።

ልጅቱ፦ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነስ?

ጋሼ፦ ያኔ አትሂጂ። ጎንደር ቄራ አጠገብ ተቀመጪ። እዚያ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ቁጠሪው። (ከኮታቸው ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር ያወጣሉ) ይኼውልሽ፣ አንብቢው።

ልጅቱ፦ «ሳንቃበር፣ ጠዋት 12፡40፣ ጉም። ጭላዳ ከገደል ወጣ። ወንድ 3፣ ሴት ከነልጇ 7። ውሻ ጮኸ፣ ተመለሱ።» በእርሳስ ነው?

ጋሼ፦ እስክሪብቶ በጉም ይቀልጣል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አየሩን አትዝለዪ። ምንም ባታዪም «አልታየም» ብለሽ ጻፊ። ባዶ መመለስም ቆጠራ ነው።

ልጅቱ፦ በነጻ ላገልግል ብላቸውስ? እናቴ «ያስተማርንሽ በነጻ ልትሠሪ ነው?» ትለኛለች።

ጋሼ፦ እናትሽ እውነቷን ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ዓመት ሙሉ በነጻ አገልግዬ የልምድ ደብዳቤ ስጠይቅ «ቅጥረኛ አልነበርክም» ብለውኛል። ስማቸውን አልጠራም። አንቺ ከመጀመርሽ በፊት በጽሑፍ ተነጋገሪ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ይኼን ሥራ፣ ሲያልቅ ደብዳቤ። የትራንስፖርትና የማደሪያ ካልሸፈኑልሽ ቅርብ ያለውን ምረጪ። አዲስ አበባ ማረፊያ ዘመድ ካለሽ ደግሞ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጠይቂ። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየምም አለ። ሆለታ አጠገብ የተጎዳ የዱር እንስሳ የሚያገግምበት እንስሳ ኮቴ አለ።

ልጅቱ፦ ማመልከቻው ላይ ምን ልበል? «የእንስሳት ፍቅር አለኝ» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ጋሼ፦ አውጪው። ፍቅር የሌለው አመልካች አይቼ አላውቅም። «ከመስከረም እስከ ኅዳር ቄራ አጠገብ በየሳምንቱ ቆጥሬአለሁ፤ መዝገቡ ተያይዟል» በዪ። ቋንቋሽን፣ ተራራ መውጣት እንደምትችዪ፣ ኤክሴል ማወቅሽን ጨምሪ። ከትምህርት ክፍልሽም የትብብር ደብዳቤ አውጪ።

ልጅቱ፦ ይኼ ሁሉ ተደርጎ ባይቀጥሩኝስ?

ጋሼ፦ የመጀመሪያው ላይቀጥርሽ ይችላል። እኔ ቀጣሪ ሆኜ ስቀመጥ ግን ከዲግሪው ቀድሜ የምጠይቀው ደብተሩን ነበር። ደብተር ይዘው የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም ቀጥሬአቸዋለሁ።