ኩፍኝ የሰውነትን ዘብ ይገድላል

ልጁ ከኩፍኝ ሲድን ጣጣው አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም!

በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። የሰውነት ዘቦች ናቸው። አንዳንዶቹ ያለፈ በሽታን አይረሱም። ውሻ ሌባን በጠረኑ እንደሚለይ፣ ያው ጀርም ሲመለስ ያውቁታል። የኩፍኝ ቫይረስ እነዚህኑ ዘቦች ይገድላል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በሆላንድ አገር ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መረመረ። ቀድሞ ከነበራቸው የበሽታ መከላከያ ከመቶ ከ11 እስከ 73 እጁ ጠፍቶ ተገኘ። ስለዚህ ከወራት በኋላም ቢሆን ልጁን ሳምባ ምች ወይም ተቅማጥ ቶሎ ይጥለዋል። ሰው ግን ኩፍኙን ረስቶ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ክትባቱ ዘቦቹን አይገድልም፤ የኩፍኝን መልክ ያስተምራቸዋል። በአገራችን መጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል።