በማዕበል ላይ ዓሣ ስለ ማጥመድ

በኖርዌይ አገር በስተ ሰሜን ሎፎተን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት ኮድ የተባለው ዓሣ ዕንቍላሉን ለመጣል ከባሬንትስ ባሕር ወደዚያ ይመጣል፤ አጥማጆችም ነፋሱ ብርቱ ሳለ በትንንሽ የሞተር ጀልባ ይወጣሉ።

ጀልባ ፊቷን ወደ ማዕበሉ ያቀናች እንደ ሆነ ማዕበሉን ትወጣዋለች፤ ጎኗን የሰጠች እንደ ሆነ ግን ልትገለበጥ ትችላለች። ሞተሩ በድንገት ቢቆም ነፋሱ ያዞራትና ጎኗን ለማዕበል ይሰጣታል። ስለዚህ አስተዋይ አጥማጅ እንደ ከረጢት የተሰፋ የሸራ መልሕቅ ይይዛል። ይኸውም ከጀልባዋ ፊት በገመድ ታስሮ ሲጣል መሬት አይነካም፤ ነገር ግን ውሃ ሞልቶት ገመዱን ስለሚስብ የጀልባዋ ፊት ከማዕበሉ አይመለስም።

መልሕቁ የሚሰፋው በወደብ ሳሉ ነው፤ በማዕበል መካከል መርፌ የሚፈልግ ሰው ዘግይቷል።