ያረጀ ልብስና የሚበቃ ኑሮ

አባታችን አዳም ከገነት ሲወጣ እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ እንዳለበሰው በኦሪት ዘፍጥረት በ3ኛው ምዕራፍ ተጽፎ እናገኛለን። ልብስ ለሰው የተሰጠው ዕርቃኑን ሊሸፍንበት ነው እንጂ ባልንጀራውን ሊበልጥበት አይደለም። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ልብስን የሚመዝነው በአዲስነቱና በዋጋው ስለ ሆነ፥ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ምእመን አዲስ መግዛት ቢያቅተው ራሱን እንደ ተዋረደ ይቈጥራል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ አንዳንዱም ለልብስ ተበድሮ ዓመቱን በዕዳ ይገፋል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ፥ ካለን ልብስ የተሻለውን ለበዓሉ ክብር እንድናውል የሚመክር ነው እንጂ፥ ከልጆቻችን እንጀራ ቀንሰን ሐር እንድንለብስ የሚያዝ አይደለም። ታጥቦ የነጣ አሮጌ ነጠላ ለጥምቀት ይበቃል።

ነቢዩ ኤርምያስ ጭቃ ወዳለበት ጕድጓድ በተጣለ ጊዜ ያዳነው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። አቤሜሌክ በንጉሡ ፈቃድ ከቤተ መንግሥቱ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ወስዶ ወደ ነቢዩ አወረደለት፤ ገመዱ እንዳይጐዳውም ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርግ ነገረው (ኤር. 38፥7-13)። እንግዲህ ነቢዩን ከሞት ለማውጣት ያገለገለው የከበረ መጐናጸፊያ ሳይሆን ሰው የተወው ጨርቅ ነው። ኤልሳዕም ከኤልያስ የተቀበለው መጐናጸፊያ መምህሩ የለበሰው ነበር።

በከተሞቻችን ሌላ ሰው ለብሶ የተወው ልብስ ልባሽ ጨርቅ ወይም ሳልባጅ እየተባለ ይጠራል። ይህን ገዝቶ መልበስ የሚያሳፍር አይደለም። ገዢው ግን ልብሱን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ይመልከት፤ አንገቱን፥ ብብቱንና ስፌቱን ይመርምር። የተተረተረ ስፌት በመርፌ ይጠገናል፤ የሳሳ ጨርቅ ግን ብዙ አያገለግልም። ሳይለብሰውም አጥቦ በፀሐይ ያድርቀው፤ ቢሰፋው ያስጠብበው፥ ቢረዝመው ያሳጥረው። እንዲህ የተያዘ ልብስ የለባሹን ጨዋነት ይመሰክራል። ነገር ግን ርካሽ ነው እያሉ ሣጥን እስኪሞላ መሰብሰብም ያው ምኞት ነውና የሚያስፈልገውን ብቻ ዐስቦ ወደ ገበያ መውጣት ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስራት ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፥ በማግኘትም በማጣትም ረክቶ መኖርን እንደ ተማረ ይገልጻል (ፊል. 4፥11-12)። መማሩን መናገሩን ልብ እናድርግ፤ ይበቃኛል ማለት አብሮን የሚወለድ ጠባይ ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ነውና። ልምምዱም ቀላል ነው፤ ከመግዛት አስቀድሞ «አጥቼ ነውን ወይስ አይቼ ጐምጅቼ ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅ፥ ስላለውም ነገር በየዕለቱ ማመስገን ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት እያንዳንዱ ለራሱ ይስበከው እንጂ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ድኃ «ይበቃሃል» ለማለት ማመካኛ አያድርገው። ቅዱስ ባስልዮስ በሣጥን የተቈለፈ ትርፍ ልብስ የተራቆተው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ አስተምሯል። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታም ልብስ እየሠራች መበለቶችን ትረዳ ነበር (ሐዋ. 9፥36-39)። ስለዚህ የሚሰጥ ሰው እርሱ ራሱ ቢለብሰው የማያፍርበትን ይስጥ፤ አጥቦና ጠግኖ ይስጥ።

ካህናት አባቶችም ሐዋርያው ያዕቆብ በ2ኛው ምዕራፍ የነቀፈውን እናስብ፤ ባለ ወርቁን በክብር እያስቀመጡ አዳፋ የለበሰውን መናቅ በእግዚአብሔር ቤት ሊታይ አይገባም። የተጣፈ ጋቢ የለበሰው ምእመን በቅዳሴ ሰዓት ያለ ኀፍረት ሲቆም፥ ያን ጊዜ ትምህርታችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።